ሴራው የሚጀምረው ወፍጮ ቤቱ ሲቃጠል ነው

አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጓድ መምህር ደምመላሽ
መቱ

የታኅሣሥ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የመቱ ዝናብ ደረትዎን እንዳይጎዳው ሰግቼ ነበር፤ ደህና ነኝ ማለትዎን ሳነብ ቀለል አለኝ። እኔም ደህና ነኝ። መልሱን ያዘገየሁት ከስንፍና አይደለምና ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ክፍልዎ ጠይቀውኛል። ከእርስዎ የተረከብኳቸው አሥራ አንደኛ ክፍሎች የእንግሊዝኛውን ልቦለድ ከገና በፊት ጨርሰዋል። አሁን ድራማው ላይ ነን፤ ሁለተኛውን ገቢር ጀምረናል። ግጥሙን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። የኋላ ወንበሮች በድራማው መካከል ግጥም ሲነበብ አሁንም ይስቃሉ፤ እርስዎ ያደርጉት እንደነበረው አስነስቼ በቃል ሳስወጣቸው ግን ጸጥ ይላሉ።

ስለ ጠሀ ለብቻው ጠይቀዋል። ደብዳቤዬን ያዘገየው እሱ ነው። ጠሀ ታስሯል።

ከገና ማግስት ጀምሮ በከፍተኛ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። እንደሰማሁት፣ ለፈተና ሊዘጋጁ ከሁለት የክፍል ጓደኞቹ ጋር እህል በረንዳ በሚገኘው በአባቱ በሐጂ ኸይረዲን መጋዘን ተቀምጠው ያጠኑ ነበር። በመጋዘኑ በር በኩል ያለፈ አብዮት ጠባቂ ጠሀ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማ። ያለው ይህን ነው፦ «ሴራው የሚጀምረው ወፍጮ ቤቱ ሲቃጠል ነው፤ ዋናው ግጭት ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

በልቦለዱ ውስጥ የሚቃጠለው የእንግሊዛዊው ባለወፍጮ ወፍጮ መሆኑን እርስዎና እኔ እናውቃለን። ጠባቂው አያውቅም። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ደግሞ የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ወፍጮ አለ፤ ዱቄት በጠፋበት ሰሞን ሕዝቡ ከጎሕ ጀምሮ የሚሰለፍበት። ሁለቱን ልጆች በወላጆቻቸው ዋስትና ለቀዋቸዋል። ጠሀን ግን «ሴራ የሚለውን ከማን ሰማኸው?» ሲሉት «ከራሴ ነው» ብሏል። የእርስዎን ስም መጥራት አልፈለገም።

የእንግሊዝኛውን ፕሎት በአማርኛ ሴራ ብለው ያስተማሩት እርስዎ እንደሆኑ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ወረቀት ነው። ሴራም ሆነ ግጭት ልቦለድ ስናጠና የምንገለገልባቸው የትምህርት ቃላት መሆናቸውን ጽፈውና ፈርመው ቢልኩልኝ፣ ለከፍተኛው ሊቀመንበር ለጓድ ጎበዜ እኔ ራሴ አደርሳለሁ።

እናቱ እትዬ ሱሀይር በየቀኑ ምሳ ታደርሳለች። እስካሁን ምሳ ዕቃው ተበልቶ ባዶውን ይመለሳል። እዚያ እንዳለ የምናውቀው በዚያ ብቻ ነው። እባክዎ አይዘግዩ።

አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ያለምወርቅ

●

መቱ፣ የካቲት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለያለምወርቅ

ደብዳቤሽን ተቀብያለሁ። ስለ ጤናዬ በማሰብሽ አመሰግናለሁ። ደረቴ ደህና ነው፤ ዝናቡም እየለመደኝ ነው።

ስለ ጠሀ የጻፍሽውን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልዘረዝርም። ለምን እንደማልዘረዝር ትረጂዋለሽ ብዬ አስባለሁ። የፖስታው አፍ ሁለት ጊዜ የተለጠፈ ይመስላል፤ ሙጫው ከዳር እስከ ዳር ፈሷል። አንቺ ሙጫ የምታበዢ ሰው እንደነበርሽ አላስታውስም።

በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ስንሠራ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የምትጠሪኝ ጋሼ ብለሽ ነበር። አሁን ጓድ መምህር ሆኛለሁ። ዘመኑ ነው ካልሽኝ እቀበላለሁ። ደብዳቤውን ስትጽፊ ከጀርባሽ የቆመ ሰው ከነበረ ግን፣ ለእሱም ጭምር እየመለስኩ ስለሆነ ቃላቴን መምረጥ አለብኝ።

ጥያቄዎች አሉኝ፤ ቅር አይበልሽ። ጠሀ «ከራሴ ነው» ማለቱን ማን ነገረሽ? ምርመራ ክፍል ውስጥ የተባለ ነገር የመምህራን ክፍል ድረስ የሚመጣው በማን እግር ነው? ወረቀቱስ ለምን በአንቺ በኩል ይለፍ? አባት አለው፣ እናት አለችው።

አንቺስ ተጠርተሽ ነበር? አሁን ልጁን እንግሊዝኛ የምታስተምሪው አንቺ ነሽና ሳይጠሩሽ አይቀሩም። ምን ጠየቁሽ? ምን መለስሽ? ስለ ጠባቂው፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ምሳ ዕቃው ጽፈሻል። ስለ ራስሽ አንድ መስመር የለም።

እኔ በመስከረም ወደዚህ ስዛወር ምክንያቱን የነገረኝ አልነበረም። ኋላ የደረሰኝ ወሬ፣ ዘውድ የሚል ቃል ያለበት የእንግሊዝኛ ግጥም ተማሪዎቼን በቃል ስላስያዝኩ ነው የሚል ነው። ያን ግጥም ሳስተምር ክፍሌ ገብቶ የተቀመጠ ሌላ መምህር አንድ ብቻ ነበር። ስሙን አልጽፍም።

ልጁ እንዲፈታ ካንቺ ባላነሰ እመኛለሁ። ወረቀት ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። መጀመሪያ መልሺልኝ።

ደምመላሽ

●

አዲስ አበባ፣ የካቲት 16 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጓድ መምህር ደምመላሽ

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጓድ ያልኩዎት ደብዳቤውን የጻፍኩት በመምህራን ክፍል ስለሆነ ነው። ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ የሚያልፈው ሰው ዓይን የለውም ማለት አልችልም። ይህንንም እዚያው ነው የምጽፈው፤ ቤት ወስጄ ብጽፈው ደግሞ ለምን ቤት ወሰደችው ይባላል። ፖስታውን እኔ የለጠፍኩት አንድ ጊዜ ነው። የቀረውን እርስዎ ይገምቱ።

ጠሀ ያለውን ያወራው አስናቀው ነው፤ እህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከመው። በሌላ ጉዳይ ተይዞ ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሲፈታ መጥቶ ለሐጂ ኸይረዲን ነገራቸው፣ እሳቸው ለእኔ ነገሩኝ።

ያን ቀን ክፍልዎ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እርስዎም ስም ሳይጠሩ እኔ መሆኔን ጽፈዋል። አዲስ ስለነበርኩ እንዴት እንደሚያስተምሩ ለማየት ነበር የገባሁት፣ ያስገቡኝም እርስዎ ነዎት። በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ነበር፤ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ያን ግጥም በአንድ ድምፅ ሲል እስከ አብነት ሰፈር ሳይሰማ አይቀርም። ለማንም አልተናገርኩም። ያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ጠይቀዋልና መልሻለሁ።

ተጠርቼ ነበር፣ አዎ። ጠሀ በተያዘ ማግስት፣ መታሰሩን እንኳን ሳልሰማ ነው የጠሩኝ። ጓድ ጎበዜ ያለ ምንም መግቢያ «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሴራ ታስተምሪያለሽ?» አለኝ። «ኧረ በፍጹም» አልኩት። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? እኔ በክፍሌ የታሪክ አካሄድ ነው የምለው፤ ሴራ ብዬ አላውቅም። የተናገርኩትን ጻፉና አስፈረሙኝ። ስወጣ እትዬ ሱሀይርን ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ አገኘኋት። ምን እንደፈረምኩ የገባኝ ያኔ ነው።

በነጋታው መጽሐፉንና መዝገበ ቃላት ይዤ ተመለስኩ። ጓድ ጎበዜ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣

«ሴራ የሚለው የቱ ገጽ ላይ ነው?» አለኝ።

«መጽሐፉ ውስጥ አይገኝም፤ ስለ መጽሐፉ ስንነጋገር የምንለው ቃል ነው» አልኩ።

«እንግዲያው መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረ ሴራ ጨምራችሁበታል ማለት ነዋ።»

መዝገበ ቃላቱን ለጸሐፊው ሰጠው። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ያነባል። ፕሎት፦ ሴራ፣ አድማ፣ ቁራሽ መሬት ይላል ብሎ አነበበ። አድማ የሚለውን ሁለተኛ እንዲያነብለት አደረገ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«መሬትም ሴራም በአንድ ቃል ከተጠሩ፣ ቃሉን ያመጣው ሰው መሬቱን ትቶ ሴራውን የመረጠው መሬት ምን አድርጎት ነው?»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። መጽሐፎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ልጆቹ መጋዘን ሄደው እንዲያጠኑ የመከሯቸው እርስዎ ነዎት ይላሉ። ቤተ መጻሕፍት እያለ ለምን መጋዘን? ጠሀ የእርስዎን ስም ከሚጠራ ታስሮ መቆየትን መምረጡስ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው? እኔ በከፍተኛው ደጅ የምመላለሰው ነገሩ ትምህርት ነው ብዬ አምኜ ነው። ሌላ የማላውቀው ነገር ካለ ይንገሩኝና እግሬን ልሰብስብ።

ሐሙስ ምሳ ዕቃው ሳይነካ ተመለሰ። እትዬ ሱሀይር በሩ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላ ነበር። አርብ ከግማሹ በላይ ተበልቶ ወጣ። ሐጂ ኸይረዲን አሞት ይሆናል ይላሉ፤ ሌላ ነገር ማለት አይፈልጉም።

ያለምወርቅ

●

መቱ፣ የካቲት 29 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለያለምወርቅ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አጭር ነው የምጽፈው፤ ጉንፋን ይዞኝ ሰነበተ።

መጋዘን ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቤተ መጻሕፍቱ የጠባቂዎች መሰብሰቢያ ከሆነ ወዲህ ልጅ የሚያጠናበት ቦታ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሐጂ ኸይረዲን ሰው ናቸው፣ መብራት አይሰስቱም፣ ልጆቹም በዓይናቸው ሥር ይሆናሉ ብዬ ነው። ከዚህ ሌላ የምታውቂውም የማታውቂውም ነገር የለም። ይህን ማመን ያንቺ ፋንታ ነው።

የጠየቅሽኝን ወረቀት ላንቺ አልልክም። ይህን ያህል ደፍሬ የምነግርሽ እንዳትጠብቂ ብዬ ነው።

ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በፖስታ ባንጻጻፍ ይሻላል። አንቺም ወደዚያ ቢሮ አትመለሺ። አንድ ጊዜ ፈርመሻል፤ የፈረምሽውም እውነት ነው። እዚያው ላይ ቁሚ።

ግጥሙን ለመጨረሻ ማቆየትሽ ጥሩ ነው። የኋላ ወንበሮች ሲስቁ ተያቸው፤ የሚስቁት አፍረው ነው።

ደምመላሽ

●

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 22 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደምመላሽ

እንዴት ሰነበቱ? ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ይህን የሚያደርስልዎ ቶላ ነው፤ የእርስዎን ወረቀት ከመቱ ያመጣው የቡና ጫኝ ሾፌር። ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ሰባተኛ ሰፈር አቁሞ ቡናውን እያራገፈ ነው፤ እስኪጨርስ ድረስ እዚሁ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሙጫ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ሊሰሙት የሚፈልጉትን ልንገርዎ። ጠሀ ተፈቷል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አባቱ ፈርመው ወሰዱት። ጸጉሩን ላጭተውታል፣ ከስቷል፣ እጅና እግሩ ግን ደህና ነው። ትናንት ክፍል ገባ። ድሮ ይቀመጥበት የነበረው ከፊት ነው፤ አሁን በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ድራማው ጠየቅኩት፣ ቀላል ጥያቄ ነበር፣ መጽሐፉም ፊቱ ተገልጦ ነበር። «አላውቅም ሚስ» አለኝ። እኔም ሌላ ልጅ ጠየቅኩ።

አሁን እንዴት እንደተፈታ ልንገርዎ። ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ እንዲሰሙት ነው።

የየካቲት ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ «ወረቀት አልልክም» የሚል ነው ያነበብኩት። «ላንቺ» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። ልቦለድና ግጥም አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን አንዲት ቃል ሳያነቡ ቸኩለው ሲያልፉ እቆጣለሁ። ፈሩ ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ከዚያ የባሰ አሰብኩ፤ መጋዘኑ ውስጥ በእውነት የሆነ ነገር ኖሮ ልጁን ጥለውት ራስዎን እያዳኑ ነው አልኩ። ፊት ለፊት ቢያገኙኝ ይህን አልነግርዎትም ነበር።

በዚያው ሳምንት ምሳ ዕቃው እንደገና ሳይነካ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ አልቻልኩም። ጓድ ጎበዜ ዘንድ ሄጄ፣ መጀመሪያ ደንግጬ ነው አላስተምርም ያልኩት እንጂ እኔም ሴራ እያልኩ ነው የማስተምረው፤ ቃሉ በክፍሌ በየቀኑ የሚነገር ነው፤ ልጁ የሰማው ከእኔም ነው አልኩት። ጸሐፊው ጻፈው፤ ፈረምኩ። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። በክፍሌ ሴራ ብዬ አላውቅም።

እርስዎ ደግሞ ወረቀቱን በቶላ እጅ በቀጥታ ለሐጂ ኸይረዲን ልከዋል። እሳቸው ወደ ከፍተኛው ይዘውት የገቡት ከእኔ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ማንም ለማንም አልተናገረም። ሐጂ ለእኔ ያልነገሩኝ፣ ሲልኩት እርስዎ ለማንም እንዳይነግሩ ስላስጠነቀቋቸው መሆኑን አሁን ነግረውኛል። «ለመምህርቷም ጭምር» ብለዋቸዋል።

ሰኞ ጠርተውኝ ስገባ ሐጂ ኸይረዲንም እዚያ ነበሩ። ጓድ ጎበዜ የእርስዎን ወረቀት ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አዘዘው። ሰማሁት። ተማሪዎቼ የመርካቶ ልጆች ስለሆኑ በሚያውቁት ነገር አስረዳኋቸው ብለዋል። ሁለት ደላሎች አንዱ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ሌላው እያመሰገነ ገዢውን ወደ አንድ ዋጋ ሲነዱት፣ ገዢው የማያየው ስምምነት በመካከላቸው አለ፤ ጸሐፊም አንባቢውን የሚነዳው እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ያን ስምምነት ሴራ አልኩት ብለዋል።

ጓድ ጎበዜ አብዮቱ ሳይመጣ ቆርቆሮ ተራ ደላላ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ወደ ሐጂ ዞር ብሎ፣

«ይህ ሰውዬ መርካቶን ያውቃታል። እኛ ግን ሴራ አንለውም ነበር» አላቸው።

«ምን ነበር የምትሉት?» አሉት ሐጂ፣ ቀስ ብለው።

«ሥራ።»

ሐጂም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ልጁ እንደተፈታ ያወቅኩት በዚያች ሰዓት ነው። ጸሐፊው ግን አልጨረሰም ነበር፤ የመጨረሻውን መስመርዎን አነበበ። «መምህርት ያለምወርቅ ይህን ቃል አስተምራ አታውቅም፤ ከዚህ ነገር ፈጽሞ ነጻ ናት።»

እኔን ለማዳን የጻፉት መስመር መሆኑን አላጣሁትም። ያን ሲሰማ ጓድ ጎበዜ ሳቁን አቆመ። የእኔን ወረቀት አውጥቶ ከእርስዎ አጠገብ አስቀመጠው።

«መጀመሪያ አላስተምርም ብለሽ ፈረምሽ። ቀጥሎ አስተምራለሁ ብለሽ ፈረምሽ። እሱ ደግሞ አስተምራ አታውቅም ይላል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችሁኛል። እሱ ከሆነ የዋሸው ወረቀቱን እቀደዋለሁ፣ ልጁም የትም አይሄድም።»

ሐጂ ኸይረዲን አላዩኝም። መሬት መሬት ነበር የሚያዩት፤ በእጃቸው የነበረው መቁጠሪያ ቆሟል። ሰውየው እንድዋሽም፣ እውነት እንድናገርም ሊለምኑኝ አልደፈሩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«ልጁ እንዲፈታ።»

«ልጁ ተፈቷል» አለኝ። «አንቺ ግን ለአንድ የእህል ነጋዴ ልጅ እንዲህ የምትሆኚበትን ምክንያት ታስረጂኛለሽ። የሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ነይ። ብርድ ልብስ ያዢ።»

የሚቀጥለው ሰኞ ከነገ ወዲያ ማግስት ነው።

ወረቀትዎን በእኔ በኩል ልከውት ቢሆን ኖሮ፣ የእኔ ሁለተኛ ወረቀት አይኖርም ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም። በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ፖስታውም ያን ያህል ሙጫ ቢኖረው፣ ለእኔ አልልክም ነበር። እኔም በእኔ ቦታ ሆኜ ሌላ ቀን ብጠብቅ ኖሮ ብዬ ሳስብ ያቺ ያልተነካች ምሳ ዕቃ ትታየኛለች፤ እንደገናም የምሄድ ይመስለኛል።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ይህን እንዳነበቡ ብዕር ሊያነሱ ይችላሉ፤ አውቅዎታለሁ። ያለምወርቅም ታስተምረው ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት ብለው ሊጽፉ ያስቡ ይሆናል። እንዳይጽፉ። ጠሀ የወጣው በእርስዎ ወረቀት ነው። የእርስዎ ወረቀት እውነት ሆኖ እንዲቆይ የእኔ ውሸት ሆኖ መቆየት አለበት። ሐጂ ኸይረዲንም ይህን ተረድተውታል፤ ዛሬ ጠዋት በሰው አንድ አዲስ ብርድ ልብስ ላኩልኝ፤ ምንም ቃል አላስከተሉበትም። እትዬ ሱሀይር ደግሞ ምን ዓይነት ወጥ እንደምወድ አስጠይቃኛለች።

ቶላ አራግፎ ጨርሷል፤ እየጠራኝ ነው። ጋሼ፣ ዕድሜዎን በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ የሰው ወረቀት ሲያቀኑ ኖረዋል። የእኔን አያርሙት።

ያለምወርቅ